ግፊት

ጠዋት ጠዋት ያባቴን ክንድ በጨርቅ ጠቅልዬ፣
ነፍቼ፣ ለቅቄ፣ ቁጥር እጠብቃለሁ ከጎኑ ቁጭ ብዬ።
ከፍ ሲል እደነግጣለሁ፤
ዝቅ ሲልም እደነግጣለሁ፤
እሱ የኔን ፊት ያነባል፣ እኔ መሣሪያውን አነባለሁ።
«ስንት አለ?» ይለኛል።
«ደህና ነው» እላለሁ፤
ደህና ስንት እንደሆነ ግን እኔ ምን አውቃለሁ?

ሐኪሙ ዘይት ከለከለው፤ ሽሮው በውሃ ይሠራል፣
ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ መዘውር የቀባ እጁ ግን
ዛሬም ዘይት ዘይት ይላል።

ባለፈው ጥቅምት ቁልፉን ሰጠኝ፦
«ዓይኔ ደከመ፤ አንቺ ንጂያት።»
ቀይ አልፋ፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ሸራ፣
ጣሊያኑ መሐንዲስ ወዳገሩ ሲገባ
ለአባቴ ትቷት የሄደ፣ ግማሽ በሽያጭ ግማሽ በአደራ፤
ዘንባባው ሥር ስታልፍ ባጃጁ ሁሉ ጥግ ይዞ የሚያያት።
ከመሪዋ ጀርባ ሁለት ትንንሽ መርፌ አላት፦
አንዱ የዘይት ግፊት፣ አንዱ የዘይት ሙቀት።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሐይቁ ገና ጉም ለብሶ፣
አስነሣኋት፤ የግፊቱ መርፌ ስድስት ላይ ወጣ ተተኩሶ።
«ወይኔ፣ ይቺም ግፊት አለባት!»

ሲረፍድ ደግሞ፣ ዓባይ ድልድይ ላይ፣
ከብት የጫነ አይሱዙ ከፊቴ ቆሞ፣ ፀሐይ ከላይ፣
መርፌው ወረደ፤ አራት፣ ሁለት፣ አንድ፤
እንደ ክፉ ወዳጅ ከዳኝ በመንገድ።
ሞተሩን አጠፋሁት፣ እድልድዩ መሀል፤
ከኋላ ጥሩንባው፣ ስድቡ፣ ሳቁ ይዘንባል።
ልጆች ገፉልኝ። አንዲት ሎሚ ሻጭ ኮፈኗን ዳሰሰችና፣
«ትኩሳት አላት» አለችኝ፣ «ፈጣሪ ይላክላት ጤና።»

የጋሽ ሽባባው ጋራዥ መረብ ከሚጠግኑት ሰዎች ጋር አጥር ይጋራል፤
ዘይቱም ዓሣው አንድ ላይ ይሸታል።
መፍቻ አላነሣም፤ ጆሮውን ሰጥቶ ቆየ፣
የዘይት ዘንጓን መዝዞ፣ በጣቱ አሽቶ፣ አሽትቶ አየ።
«ስምሽ ማን ነው?»
«ይታይሽ።»
«እንግዲያውስ ይታይሽ!
ብርድ ላይ ዘይት እንደ ማር ነው፣ ወፍራም፣ እምቢ ባይ፤
በጠባብ መንገድ ሲገፉት ነው መርፌው የሚዘል ወደላይ።
በርትቶ እንዳይመስልሽ፤ ገና አልተፍታታም።
የውሃው መርፌ ቀድሞ ይሞቃል፣ እሱን አትመኚ፤
ዘይት ሰነፍ ነው፣ ቶሎ አይነቃም።
ሰማንያ ሳይደርስ አታስጩኺያት።
ዘጠና፣ መቶ፣ ዳገት ላይ መቶ አሥር፤ ይሄ ነው ቤቷ፤
ያን ጊዜ ቀጥኖ፣ ብረት ከብረት እያስታረቀ፣
ይዞራል በየአንጀቷ።
ቆማ ስታጉረመርም አንድ ብትል፣ ሞቃ ነው፣ ተዪያት፤
ሦስት ሺህ ዙር ላይ ሦስት፣ አራት ካለች ምን ጎድሏት?
ቀዩ መብራት ሲበራ ፍሪ፤ እየሮጥሽ መርፌው ሲጠፋ፤
ያኔ አጥፊ፣ ድልድይ ላይም ቢሆን፣ አገር ጥሩንባ ቢነፋ።»

«ደህናው ስንት ነው ታዲያ?»
«ደህና አንድ ቁጥር አይደለም፣ ልጄ።
ደህና ልማድ ነው።»
ገንዘብ አልተቀበለኝም። እጁን በናፍጣ ታጠበ።

ቅዳሜ ወደ ቤዛዊት ወጣን፣ አባቴ ቀበቶውን ታጥቆ፣
ጣና ከኋላችን ሰፍቶ፣ ዓባይ ከሥራችን ጠልቆ።
እሱ መርፌ አያይም፤ ሞተሩን በወንበሩ ያዳምጣል፣
ማርሽ ሳዘገይ ብቻ ጉልበቴን በጣቱ ይነካል።
ዳገቱ ላይ መቶ አምስት፣ ግፊቷ አራት ግድም፤
ጫፉ ላይ ስንቆም አንድ ተኩል።
አልደነገጥኩም።

«ስንት አለች?»
«ሞቃ፣ አንድ ተኩል።»
«እህ። ደህና ናት።»
ታች ውሃው ውስጥ ጉማሬ ተነፈሰ።
አባቴ እጅጌውን ሰበሰበ፤
መሣሪያውን ቦርሳዬ ውስጥ መደበቄን ለካ ያውቅ ኖሯል፤
ሳልጠይቀው ክንዱን ዘረጋልኝ።
ቁጥሩ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ፤
ፊቴን አላነበበም።
ኮፈኗ ሥር ብረቱ እየበረደ
ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።